አጎበሩን አስቀድሞ፦ በባሕር ዳር ጠባብ ቤት ውስጥ የሕፃን ማረፊያ ማሰናዳት

በባሕር ዳር በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ወይም ከትልቁ ቤት ጀርባ በተሠራ ሰርቪስ ክፍል የሚኖሩ ባለትዳሮች የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲጠብቁ ለሕፃኑ ለብቻው የሚሰጡት ክፍል አይኖራቸውም፤ ያላቸው አንድ ጥግ ነው። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር አይገባም። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ስለሆነ፣ ሰፊ ቤት ያላቸውም ቢሆኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈልጋቸው ይኸው ጥግ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ በጥቂት ዕቃ እንዴት ያማረ፣ የረጋና ለሕፃኑ የማያሰጋ ይሆናል የሚለው ነው።

ሚኒማሊስት የሚባለው፣ ማለትም ጥቂት ዕቃ ብቻ የሚጠቀመው አሠራር በስልክ በምናያቸው ፎቶግራፎች ሲቀርብ ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት አልጋ፣ አንድ ቅርጫትና አንድ ሥዕል ይታያል፤ አጎበር ግን አይታይም። ፎቶግራፎቹ የተነሡት ወባ በሌለባቸው ከተሞች ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ዳርቻ የተቆረቆረች ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች ሲሆን፣ ዋናው ወቅቱም ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ በሽታው ከሚጸናባቸው ቀዳሚዎቹ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ከተማ በሕፃን ጥግ ውስጥ ትልቁና አስቀድሞ ዓይን የሚያርፍበት ዕቃ አጎበሩ ነው። አልጋውን፣ ቀለሙንና ሥዕሉን መርጦ ከጨረሰ በኋላ አጎበሩን ያሰበ ሰው፣ የደከመበትን ሁሉ ክፍሉን በሚያቋርጡ አራት ገመዶችና በግድግዳው ላይ በተመቱ ምስማሮች ያበላሸዋል። አጎበሩን ያስቀደመ ግን የቀረው ምርጫ ይቀልለታል።

አጎበሩና አልጋው

በጤና ጣቢያ በኩል የሚታደለው ባለ አራት ማዕዘን አጎበር ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ እንጨት ሥራ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ያላችሁን አጎበር ለኩና ልኬቱን ይዛችሁ ሂዱ። ለባለሙያው የሚነገረው ይህ ነው፦ ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን አልጋ፤ አራቱ እግሮቹ ወደ ላይ ቀጥለው እስከ 165 ሳንቲ ሜትር የሚዘልቁ፤ አናታቸው ላይም በአራት ቀጫጭን አግዳሚዎች የተያያዙ። ፍራሹ የሚያርፍበት ርብራብ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ አጎበሩ ከአናቱ 135 ሳንቲ ሜትር ወርዶ፣ የቀረው 15 ሳንቲ ሜትር ከርብራቡ ሥር ለመወተፍ ይበቃል። አጎበሩ መንጠልጠል ያለበት ከአልጋው ዘንጎች በውጭ በኩል ነው። በውስጥ በኩል ከሆነ ሕፃኑ በእጁ ይጎትተዋል፣ ክንዱ ሲደገፍበትም ትንኟ በቀዳዳው ትነክሰዋለች። በዚህ አሠራር በግድግዳና በኮርኒስ ላይ አንድም ምስማር አይመታም፤ ምስማር የማይወድ አከራይ ላለባቸው ደግሞ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የአልጋው ልኬት ለውበት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መለኪያ በእጃችሁ ከሌለ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ በመካከላቸው የሚያልፍ ከሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው፣ አልጋውንም አትረከቡ። ከርብራቡ እስከ መከላከያው አናት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ገበያ ላይ የሚታዩት አንዳንድ አልጋዎች ወለላቸው ከፍና ዝቅ የሚል ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ የተሠራውን እመርጣለሁ፤ እናቲቱ ትንሽ ጎንበስ ትላለች እንጂ፣ ሕፃኑ ሳይታሰብ በቆመ ጊዜ የሚፈታ ብሎን ፍለጋ አይኬድም። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ለሥራ የሚመች፣ ቀለሙም ያለ ብዙ ቫርኒሽ የሚያምር ነው። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ጥቂት የተጣመመ ቋሚ ደግሞ በረጅም አልጋ ላይ ከሩቅ ያስታውቃል። በቋሚዎቹ ጫፍ ላይ ጉልላት ወይም ቅርጻ ቅርጽ አታስወጡ፤ ልብስ ይይዛል፣ ዓይንም ያሰለቻል። ማዕዘኖቹ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍገው ይደቡልቡ። ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አልጋው በረንዳ ላይ ነፋስ ያግኝ፤ ስለዚህ ከመውለጃው ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማዘዝ ይበጃል።

ፍራሹ ጠንካራና ጠፍጣፋ ይሁን። በመዳፍ ሲጫኑት ወዲያው ተመልሶ የማይነሣ ስፖንጅ ለሕፃን አይሆንም። በፍራሹና በአልጋው ጠርዝ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ፍራሹ ጠቧል። ከሱቅ ሲወጣ የተጠቀለለበትን ላስቲክ «እንዳይቆሽሽ» ብሎ መተው በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው፤ ላስቲኩ ግን ያልባል፣ ተነሥቶ ሕፃኑን ማፈንም ይችላልና መውለቅ አለበት። ከፍራሹ በላይ አንድ የተወጠረ የጥጥ አንሶላ ብቻ ይኑር። ትራስ፣ በዘንጎቹ ዙሪያ የሚታሰር ስፖንጅ፣ አሻንጉሊት፣ የተደራረበ ጋቢ ወደዚህ አልጋ አይገቡም፤ ሕፃኑም የሚተኛው በጀርባው ነው። በቤቱ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ባዶ መሆን ያለበት ይህ አልጋ ነው፤ እዚህ ላይ የሚኒማሊስት ጣዕምና የሕክምና ምክር አንድ ቃል ይናገራሉ።

ስለ አጎበሩ ቀለም ደግሞ ሰው ብዙ ይቸገራል። ነጭ ከሆነ ከግድግዳው ጋር ተዋህዶ ቀለል ብሎ ይታያል። የታደላችሁ ሰማያዊ ከሆነ ግን ልትደብቁት አትሞክሩ፤ ሰማያዊን የጥጉ ብቸኛ ቀለም አድርጋችሁ የቀረውን ሁሉ ነጭና የእንጨት ቀለም ብታደርጉት፣ ታስቦበት የተመረጠ ይመስላል። በቀለም መንከርና በበረኪና ማጠብ በአጎበሩ ላይ ያለውን ትንኝ ገዳይ ኬሚካል ስለሚያበላሹ የተከለከሉ ናቸው። አዲስ አጎበር ከማሸጊያው ሲወጣ ለ24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይሰጣ። ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ የሚደርቀውም ጥላ ውስጥ ነው፤ ኬሚካሉ የሚችለው 20 ያህል እጥበት ስለሆነ በሦስት ወር ከአንድ ጊዜ በላይ አለማጠብ ይመከራል። በአማካይ ከሦስት ዓመት በኋላ መቀየር ይኖርበታል። የአጎበሩ ስፋት ለትልቅ አልጋ የታሰበ በመሆኑ ትርፍ ጨርቅ ይኖረዋል፤ ትርፉን በራስጌ በኩል ባሉት ሁለት ቋሚዎች ላይ እኩል አጣጥፎ ማሰር ነው፣ የማሰሪያ ክሮቹም አጥረው ይቆረጡ። መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ በዚህ ጥግ አይለኮስም። አጎበር በእሳት ሲያዝ ለማጥፋት ጊዜ አይሰጥም፤ በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ መብራት ከአልጋው ጀርባ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ለሌሊት ጡት ማጥባትም የሚበቃ ለዘብ ያለ ብርሃን ይሰጣል።

ነፋስ፣ ፀሐይና ዝናብ

ከተማዋ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነች በቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው፣ ማለትም ከሰሜን ይነፍሳል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ይህ ነፋስ ነውና፣ በሰሜን በኩል መስኮት ካላችሁ ሽቦ ወንፊት አስገጥማችሁ ክፍት አድርጉት። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ፀሐይ ምሽት ላይ ወደ ክፍሉ ይመልሳል፤ አልጋውን በዚያ ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ሕፃኑን በሚተኛበት ሰዓት ማሞቅ ነው። አልጋው ከመስኮት ሥርም አይቀመጥ። አያቶች «ነፋስ ይመታዋል» ሲሉ ከመሟገት ይልቅ አልጋውን ከነፋሱ መተላለፊያ ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ ሁለቱንም ወገን ያስማማል፤ መስኮቱም ሳይዘጋ ይቀራል። ሕፃኑን መደራረቢያ ማብዛት ግን ሊታረም የሚገባው ነገር ነው፤ ማጅራቱ ወይም ደረቱ ሲዳሰስ ላብ ካለው አንድ ልብስ ይቀነስለት።

በቆርቆሮ ክዳን ሥር የምትኖሩ ከሆነ ጥጉን ከመምረጣችሁ በፊት ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። ያረጀ የውሃ ምልክት ያለበት ቦታ በሐምሌም ያፈስሳል፤ ጥገናው በግንቦት ካልተሠራ በክረምት አይሠራም። ዝናብ የሚመታው ውጫዊ ግድግዳ እርጥበት ስለሚይዝና ሻጋታ ስለሚያወጣ፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ይህ ክፍተት አጎበሩ ግድግዳውን እንዳይነካ ይጠብቃል፣ ለመጥረግም ያመቻል፤ የሚያስገርመው ደግሞ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ትንሽ የራቀ ዕቃ ክፍሉን የበለጠ ሰፊ ያስመስለዋል።

ግድግዳው

ግድግዳውን በነጭ ወይም በክሬም የውሃ ቀለም መቀባት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ሰማያዊነት ያለው ደማቅ ነጭ በቀን ብርሃን ያማረ ቢሆንም በሌሊት መብራት ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ለክሬም አደላለሁ። ያረጀ ቤት ከሆነ በዘይት ቀለም የተቀባ በርና መስኮት ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት አሮጌ ቀለም ሲፈገፈግ የሚወጣው አቧራ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፣ ለሰውነት «አይጎዳም» የሚባል መጠንም የለውም። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ ወስናለች፤ የአሮጌው ቤት ቀለም ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ የተላጠውን በደረቁ ከመፈግፈግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይሻላል፣ እርጉዟም ሥራው በሚሠራበት ጊዜ ከቤት መራቅ አለባት። ቤቱ የፀረ ወባ ርጭት የሚደረግለት ከሆነ ቀለሙ ከርጭቱ በፊት ይቀባ፤ በተረጨ ግድግዳ ላይ መቀባት ኬሚካሉን መሸፈን ነው።

ስለ ጌጡ ስናነሣ አንድ እውነት ማወቅ ወጪ ያድናል፦ አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሲጠባ በእርሱና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። በግድግዳ ላይ የሚለጠፉት የካርቱን ሥዕሎች፣ ፊኛዎችና በወርቃማ ፊደል የተጻፉ ስሞች ለእርሱ አይደሉም፤ ለእኛና ለፎቶግራፋችን ናቸው። ለእኛ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት የማይሰለች አንድ ነገር እንምረጥ። የእኔ ምርጫ ሐረግ ነው። በጣና ደሴቶች ገዳማት በሚገኙት የብራና መጻሕፍት፣ በገጹ ራስጌ ላይ እየተጠላለፈ የሚወርደው ጌጥ ለዚህ ከተማ ቤት እንግዳ አይደለም፣ ሕፃንነትንም አይጮህበትም። ንድፉን በካርቶን ላይ ሥላችሁ በምላጭ ቁረጡት፤ ከዚያ በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ መስመር፣ አጎበሩ በተመረጠበት ቀለም ወይም በለዘበ ቡናማ፣ በትከሻ ከፍታ በአንዱ ግድግዳ ላይ ብቻ በስፖንጅ እየነካካችሁ አሳርፉ። ብዙ ቀለም ከገባበት የመጽሐፉ ሐረግ ቢያምርም የጥጉ ጸጥታ ይጠፋል። ተከራይ ከሆናችሁ ያንኑ በአቡጀዴ ላይ ሥላችሁ በቀጭን እንጨት አንጠልጥሉት፤ ቤት ስትለቁ ጠቅልላችሁት ትሄዳላችሁ። ሐረግ የማይስማማው ቤተሰብ ከስፌት ንድፍ አንዱን መውሰድ ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ ከአልጋው አናት በላይ የሚንጠለጠል ፍሬም፣ መስታወት ወይም መደርደሪያ አይኑር።

የሚቀመጥና የማይገዛ

ለልብስና ለዳይፐር የደንገል ቅርጫት የሚበልጥ ነገር የለም። ታንኳ የሚሠራበት ይኸው ደንገል በሐይቁ ዳር በሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች እጅ ቅርጫትም ይሆናል፤ ቀለሙ ከዋንዛ እንጨትና ከክሬም ግድግዳ ጋር ያለ ድካም ይስማማል። ሦስት ቅርጫት፣ ሦስቱም እኩል መጠን፣ በአልጋው ሥር ካለው ቦታ ጋር የተመጣጠኑ ይሁኑ፤ አንዱ ለልብስ፣ አንዱ ለዳይፐርና ለፎጣ፣ አንዱ ለሚታጠበው። ደንገል እርጥበት አይወድምና በክረምት አንዳንዴ ብልጭ የሚለውን ፀሐይ ጠብቃችሁ አውጥታችሁ አናፍሱት። በቤቱ ቀድሞ ያለ ኮሞዲኖ ካለ አዲስ መሳቢያ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ዕቃ ሁሉ በብረት ማያያዣ ከግድግዳ ጋር ይታሰር፣ ልጁ በቅርቡ እየተንጠላጠለበት ይነሣልና። ዳይፐር መቀየሪያ ተብሎ የሚሸጠው ጠረጴዛ በጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ከመያዝ ሌላ የሚጨምረው የመውደቅ ሥጋት ነው፤ በወላጆች አልጋ ላይ የሚዘረጋ አንድ የሚታጠብ ምንጣፍና ከሕፃኑ ላይ የማይነሣ አንድ እጅ ይበቃሉ።

ወንበሩ ላይ ግን አትቆጥቡ። እናት በቀንና በሌሊት ብዙ ሰዓት የምታሳልፈው እዚያ ስለሆነ፣ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው አንድ ጥሩ ወንበር ከእግሯ ሥር ከምትገባ በርጩማ ጋር ይዘጋጅላት። በወንበሩ ላይ የሚጣል አንድ ጋቢ ጥጉን ያለሰልሰዋል፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመናው የታወቀ ነው፣ መንገዱ ለሚያደርሰው ሰው ጥሩ ጨርቅ ከዚያ ማግኘት ይቻላል። በክረምት የሕፃን ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ ታጣፊ ማስጫ አስቀድሞ ይገዛ፤ ካልሆነ በአልጋው አግዳሚ ላይ ልብስ መሰጣት ይጀመርና ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሳምንት ያልቃል።

ጡጦና ማፍያው ለመጀመሪያው ጊዜ አይገዙም፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፣ ሐኪም ሌላ ካላዘዘ በቀር። ባለ ጎማ የመራመድ መለማመጃ፣ የሚወዛወዝ መኝታና ከአልጋ በላይ የሚሽከረከር አሻንጉሊትም እንዲሁ ይቅሩ።

ከባዱ ነገር ስጦታው ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የሚመጡ ዘመድና ጎረቤት ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ትልልቅ አንበሳና ድብ የታተመባቸው ብርድ ልብሶች፣ ለሦስት ወር የማይሞሉ ጫማዎችና ሙዚቃ የሚያሰሙ አሻንጉሊቶች በአንድ ወር ውስጥ ጥጉን ይሞሉታል። ስጦታን መመለስ ነውር ነው፣ ሁሉንም ማሳየትም ግዴታ አይደለም። በወላጆች አልጋ ሥር አንድ ሻንጣ ይዘጋጅና ልብሱ በዕድሜ ተለይቶ ይግባበት፤ ቅርጫቱ ውስጥ የሚኖረው ለዚህ ወር የሚሆነው ብቻ ነው። የቅርብ ሰው «ምን ላምጣ?» ብሎ ከጠየቀ ሳታፍሩ ዳይፐር ወይም የጥጥ አንሶላ በሉት። ቡናው ደግሞ፣ ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከነከሰሉና ከነእጣኑ በረንዳ ላይ ይፈላ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው፣ የእጣን ጭስም ለአራስ ሳንባ ይከብዳል፤ እንግዶችም ከሕፃኑ ራቅ ብለው በረንዳው ላይ መጫወታቸውን አይጠሉትም።

ሕፃኑ በስምንትና በዘጠኝ ወሩ ዘንጎቹን ይዞ መቆም ሲጀምር ጥጉ እንደገና ይፈተሻል። በአልጋው ዙሪያ እጁ የሚደርስበት መጋረጃ፣ የመብራት ገመድና የቻርጀር ሽቦ ሁሉ ይነሣ፤ ሶኬቶች ይሸፈኑ፤ የአጎበሩ ማሰሪያዎችም በውጭ በኩል በጥብቅ መቋጠራቸው ይታይ። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወይም ለመሻገር እግሩን በመከላከያው ላይ ማንሣት ሲጀምር ከረጅሙ ጎን አንዱ ይወልቃል፤ አልጋውን ስታሠሩ ያ ጎን በምስማርና በሙጫ ሳይሆን በብሎን እንዲገጠም ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት። ቋሚዎቹና አጎበሩ ባሉበት ይቀጥላሉ።